ብሩ ሄዷል፣ ዕቃው አልመጣም፦ ከጎጃም ሆነው የትኛውን በር ያንኳኳሉ?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አራት ቀን ሙሉ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ደጅ ስጠና ሰነበትኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ። በቴሌግራም ካገኘሁት የአዲስ አበባ ሻጭ የኦቨርሎክ ማሽን አዝዤ፣ 18,000 ብር ከፍዬ፣ «በአውቶብስ ተጭኗል» ተብሎ የዕቃ መጫኛ ወረቀቱ ፎቶ ተልኮልኛል። በአራተኛው ምሽት የአውቶብሱ ረዳት ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አጎላና፣ «ጋሼ፣ ይህ የእኛ ወረቀት አይደለም። የእኛ ማኅተም ክብ ነው፤ ይኸው» ብሎ እውነተኛውን ጥራዝ ከኪሱ አወጣ። የእኔው ማኅተም አራት ማዕዘን ነበር።

በዚያው ሰሞን ከሱቄ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቴ ለፍሪጅ 42,000 ብር ከፍላ ሁለት ወር ስትጠብቅ ነበር። የእሷ ሻጭ ሱቅም ንግድ ፈቃድም ያለው ሰው ነው፤ ዕቃው ሳይገባለት ገንዘብ ተቀብሎ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» የሚል። እሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብላ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሌባውን «ወንድሜ፣ እባክህን» እያልኩ ስለምን ከረምኩ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን በር ነበር የምናንኳኳው። ገንዘብ የሚጠየቅበት መንገድ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከከፈሉ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ሆነዎት? ከፊትዎ ያለውስ ሰነፍ ነጋዴ ነው ወይስ ሌባ?

ከሁሉ በፊት ፎቶ ያንሡ

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ሥራ አለ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። እኔ «ከሰስኩህ» ያልኩት ምሽት፣ ጠዋት ስነሣ የሁለት ሳምንት ንግግራችን ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ስለዚህ መቆጣት ከመጀመርዎ በፊት ንግግሩን ከላይ እስከ ታች የስልኩን ገጽ ፎቶ እያነሡ ያስቀምጡ። ማስታወቂያውን፣ ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የተላከልዎትን ወረቀት፣ የባንኩን ወይም የቴሌብሩን መልእክት ከነግብይት ቁጥሩ አይርሱ። የመለያ ስሙን በደቂቃ ይቀይረዋል፤ ስልክ ቁጥሩና የሒሳብ ቁጥሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀየሩም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ «በቴሌግራም የተጻፈ ወረቀት አይሆንም» የሚልዎትን አይስሙ።

ሰነፍ ነው ወይስ ሌባ?

ጎጃም ላይ ሆኖ ይህን መለየት ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ያውቃል። «መንገድ ተዘግቶ ነው» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ይደበቅበታል። እኔ የማውቀው መለያ መናኸሪያ ሄዶ በዕለቱ ከአዲስ አበባ የገባ መኪና መኖሩን መጠየቅ ነው። የእኔው ሰውዬ «ዓባይ በረሃ ላይ መንገድ ተዘጋ» ባለበት ማክሰኞ ሦስት አውቶብስ ደጀንን አልፎ ማርቆስ ገብቷል። ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ፤ የጠየቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የንግድ ፈቃድ ነው። ሻጩን የፈቃዱን ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይጠይቁትና በንግድ ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት፤ ፈቃዱ መኖሩንና በማን ስም እንደሆነ ያሳይዎታል። ጎረቤቴ ስታየው የፍሪጁ ነጋዴ ስምና ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ ስም አንድ ሆኖ ተገኘ። የእኔው ሻጭ «ፈቃዱ በወንድሜ ስም ነው» አለኝ፤ ወንድም ተብዬው እስከ ዛሬ አልተወለደም። የሱቁ ስም ሌላ፣ የባለሒሳቡ ስም ሌላ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ቅን ነጋዴም በግል ሒሳቡ ይቀበላል። ነገር ግን ከሌላው ምልክት ጋር ሲደመር ይከብዳል።

ሦስተኛውን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። «ዕቃውን ከጎኑ የዛሬውን ቀንና የእኔን ስም በወረቀት ጽፈህ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» ይበሉት። ሰነፉ ነጋዴ ያጉረመርማል፤ ዕቃው ካለው ይልካል፣ ከሌለውም «ገና አልገባልኝም» ብሎ እውነቱን ያወጣል። የእኔው ግን ሃምሳ ማሽን በፎቶ የለጠፈ ሰው ሆኖ ሳለ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» አለኝ። የለጠፈውን ፎቶ ጎግል ላይ በምስል ሲፈልጉት ደግሞ የቻይና መሸጫ ገጽ ላይ ያገኙታል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይሉ የለ? እኔ ስንጥሩን እያየሁ ነው የዋጥኩት።

ሰዓት የሚቆጠርበት በር፦ ባንክና ቴሌብር

ከከፈሉ ገና ሰዓታት ከሆነዎት፣ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደዚህ ይሩጡ። ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውሉ፤ ከዚያ በአካል ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው በጽሑፍ ያመልክቱ። ባንክ በራሱ ሥልጣን ከሌላ ደንበኛ ሒሳብ አንሥቶ አይመልስልዎትም፤ የባለሒሳቡ ፈቃድ ወይም የሕግ አካል ትእዛዝ ይጠይቃል። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ማመልከቻዎ ቀንና ሰዓት ይዞ ይመዘገባል፤ ፖሊስ ሒሳቡ እንዲታገድ ሲጠይቅም ከእርስዎ በኩል የጎደለ ነገር አይኖርም። ገንዘቡ ገና ከዚያ ሒሳብ ካልወጣ ዕድል አለዎት። እኔ ባንክ የሄድኩት በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የማመልከቻዎን ግልባጭ ማኅተም ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይነሡ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ችግርዎን በይፋ በጻፉ ማግሥት «ገንዘብዎን ላስመልስልዎት፣ የአገልግሎት 500 ብር ብቻ» የሚል ደግ ሰው ይደውልልዎታል። ያው ሌባ ነው፤ ወይም የአጎቱ ልጅ። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ «የባንክ ሠራተኛ»ም እንዲሁ።

ንግድ ቢሮ ወይስ ፖሊስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው።

ንግድ ቢሮ የሚያስፈራው የሚያጣው ነገር ያለውን ሰው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ የዕቃውን ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ፈቃድ ያለው ነጋዴ የቢሮ ደብዳቤ ሲደርሰው ነገሩን ይመዝናል፦ 42,000 ብር መመለስ ይሻላል ወይስ ፈቃድ ሲያሳድስ ሰበብ መጋፈጥ? ከዚህ ላይ የጎጃም ሰው የሚገጥመው ችግር ሻጩ አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም እንጅባራ ያለው የንግድ መምሪያ አቤቱታዎን ተቀብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ በአዲስ አበባው ሱቅ ላይ እጁ የሚደርሰው ግን ፈቃዱን የሰጠው የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ጎረቤቴ አቤቱታዋን ጽፋ፣ ማስረጃዎቹን አባሪ አድርጋ፣ አዲስ አበባ በምትኖር የእኅቷ ልጅ በኩል እዚያው አስገባች። ነጋዴው በሳምንቱ ራሱ ደወለላት። ድምፁ ተለውጧል፤ «እትዬ» ማለት ጀምሯል። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ገባላት።

ሻጩ ፈቃድ የሌለው ከሆነስ? ያኔ ቢሮው እርስዎን ለማስታረቅ ብዙም አይችልም። ያለ ፈቃድ መነገድ ግን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ጥቆማው ሌላውን ሸማች ያድን ይሆናል፤ የእርስዎን ብር ግን አያመጣም።

የፖሊስ በር ደግሞ ሌላ ቁልፍ ነው ያለው። ዕቃ ማዘግየት ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሰውዬው ገና ከጅምሩ ሊያታልልዎት አስቦ ሐሰተኛ ነገር ሲነግርዎት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 692 ማታለልን በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በኮምፒውተር አማካይነት ሲፈጸም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 አለ፤ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ስለዚህ ጣቢያ ሄደው «ዕቃዬን አላመጣልኝም» ካሉ ወደ ፍትሐ ብሔር ይመልሱዎታል፤ መርማሪውም አልተሳሳተም። «ሐሰተኛ የጭነት ወረቀት ላከልኝ፤ ወረቀቱ የእነሱ አለመሆኑን የአውቶብሱ ሠራተኛ ይመሰክራል፤ ፎቶው ከሌላ ገጽ የተሰረቀ ነው፤ ከፍዬ ስጨርስ ስልኩን ዘጋብኝ» ካሉ ግን ብዕሩን ያነሣል።

የእኔን ጉዳይ ያነሣው የማኅተሙ ቅርጽ ነው። ክብና አራት ማዕዘን። ረዳቱን ቃሉን እንዲሰጥ ይዤው ሄድኩ፤ ሁለት ሰዓት ሥራ ፈቶ አብሮኝ ተቀመጠ፣ ሻይ እንኳ ልጋብዘው ብለው እንቢ አለኝ። ከዚያም በሰውዬው ቻናል ላይ ቅሬታ የጻፉ ሰዎችን አንድ በአንድ በግል አነጋገርኩ፤ አንዱ ቡሬ፣ አንዷ ሞጣ ተገኙ። ሁለቱም ያችኑ አራት ማዕዘን ማኅተም ተልካላቸዋለች። አንድ ሰው ሲያመለክት «ግጭት» የሚመስለው ጉዳይ፣ ሦስት ሰው በአንድ ዓይነት ወረቀት ሲያመለክት ማታለል ይሆናል። ጊዜ ካለዎት ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ሥራ ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ገንዘቤ እስካሁን አልተመለሰም። መርማሪው እንደነገረኝ ከሒሳቡ የወጣው በገባበት ቀን ነው፤ ባለሒሳቡም «ሒሳቤን ለጓደኛዬ አውሼ ነው» ባይ ሆኗል። መዝገቡ ክፍት ነው። ወንጀሉ ፍርድ ቤት ከደረሰ እዚያው መዝገብ ላይ የጉዳት ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ስላወቅኩ፣ ወረቀቶቼን አልጣልኩም።

ፍርድ ቤት

ከሰነፍ ነጋዴ ጋር የመጨረሻው በር ነው፤ ከሌባ ጋር ግን አድራሻው እስኪገኝ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት፣ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመጠየቅ በመደበኛው አካሄድ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ክስ ባያስቡ እንኳ ይህን ማስጠንቀቂያ ይጻፉ፤ ጎረቤቴ ለቢሮው ያቀረበችው ዋናው ወረቀት እሱ ነበር። ረጅም መሆን የለበትም፦

«ነሐሴ 20 ቀን ለአንድ ፍሪጅ 42,000 ብር ከፍዬዎታለሁ። በሦስት ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ ሊያስረክቡኝ ተስማምተን ነበር። እስከ ጥቅምት 30 ቀን ካላስረከቡኝ ውሉ እንዲፈርስና ገንዘቤ እንዲመለስ እጠይቃለሁ።»

ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፤ ቀን አለ፣ መጠን አለ፣ ቦታ አለ። ቦታውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ክስ በመደበኛው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ይቀርባል፤ የውል ጉዳይ ሲሆን ግን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ማቅረብ ይቻላል። ስለዚህ ገና ስታዝዙ «ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ታስረክበኛለህ» የሚል አንድ መስመር በንግግሩ ውስጥ ማስገባት ወደፊት የአዲስ አበባ ምልልስ ሊያስቀርልዎት ይችላል። ለዳኝነት የሚከፈል አለ፣ ለጠበቃ አለ፣ የቀጠሮ ቀን የሚዘጋ ሱቅ አለ። በእኔ ሚዛን ለ5,000 ብር አያዋጣም፤ ለ42,000 ያዋጣል።

ዘመድ በካርድ የከፈለው ከሆነ

ይህኛው በር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ወንድም ወይም ልጅ ከውጭ ድረ ገጽ በካርዱ ከፍሎልዎት ዕቃው ከቀረ፣ ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅዎን ይተዉና ለእሱ ይደውሉለት። ለካርዱ ባንክ «ዕቃው አልደረሰም» ብሎ ማመልከት ያለበት ባለካርዱ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ አሠራር ብዙውን ጊዜ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ 120 ቀን አለው። በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት ክፍያው የተጻፈበት የሒሳብ መግለጫ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይችላል። በፔይፓል ከሆነ ከተከፈለበት ቀን 180 ቀን ነው።

የማይታመኑ ሻጮች እነዚህን ቀናት ከእርስዎ ይልቅ በደንብ ያውቃሉ። «ጉምሩክ ይዞት ነው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሡን» የሚሉት ቀኑ እስኪያልፍ ነው። ትልልቆቹ መገበያያዎች ላይም ዕቃውን በእጅዎ ሳይይዙ «ደርሶኛል» የሚለውን አይጫኑ። ከሁሉም በሮች ገንዘብ የማስመለስ ኃይሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የሚያስቆጨው፣ አብዛኞቻችን የምንከፍለው በዝውውር መሆኑ ነው። በዝውውር የሄደ ገንዘብ እንዲህ ያለ መመለሻ የለውም።

ሽምግልናና ማጋለጥ

ሻጩ የአገር ልጅ ከሆነ ሽምግልና ከፍርድ ቤት ይፈጥናል። ቢቸና ያለ ነጋዴ በሰፈሩ ሽማግሌ ፊት ከሚያፍር ብሩን ቢመልስ ይመርጣል። ፊቱን ዓይተውት በማያውቁት ሰው ላይ ግን አይሠራም።

ስሙንና ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ያጓጓል። እኔም ጽፌ አጠፋሁት። የባለሒሳቡ ስም ሒሳቡን ያዋሰ ሞኝ ልጅ ስም ሊሆን ይችላል፤ ስም ማጥፋት ደግሞ በእርስዎ ላይ የሚከፈት ሌላ መዝገብ ነው። የማኅተሙን ፎቶና የሆነውን ነገር ብቻ ቢጽፉ ሌሎች የተታለሉ ሰዎች ራሳቸው ያገኙዎታል።

ቀጣዩን ዕቃ እንዴት?

ሙሉ ክፍያ ቀድሞ መላክ ርካሽ ይመስላል፤ ዋጋውን አይተነዋል። ግማሽ ከፍሎ ግማሹን ሲደርስ መስጠት ሰነፉን ነጋዴ ያነቃዋል፤ ሌባው ግን በግማሹም ደስተኛ ነው። መናኸሪያ ላይ ዕቃው ተፈትሾ ሙሉውን መክፈል ከሁሉ ይሻላል፤ ሆኖም የአዲስ አበባ ሻጭ ለማያውቀው የማርቆስ ሰው አይስማማም፤ እሱም እኛን የሚጠረጥርበት ምክንያት አለው። ለእኔ የሠራው አራተኛው ነው፦ መርካቶ የምትውል የአክስቴ ልጅ ሱቁ ድረስ ሄዳ ዕቃውን ዓይታ፣ አስሞክራ፣ እዚያው ቆማ ስትደውልልኝ እከፍላለሁ፤ መኪና ላይም የምታስጭነው እሷ ናት። ለታክሲዋና ለድካሟ 400 ብር እልክላታለሁ። ጭነቱ ሲደርስ የሚጠራኝ ያው ረዳት ነው፤ አሁን ስልኩን ይዣለሁ።

ኦቨርሎኩን ግን ከእሷም አልጠበቅኩም። ባህር ዳር ሄጄ ከአንድ ሱቅ 3,500 ብር አስበልጬ ገዛሁት። ባለሱቁ ክር አስገብቶ በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ሁለት ጊዜ ሰፍቶ አሳየኝ፤ ጫፉን በጥፍሬ ጎትቼ እንደማይተረተር ካየሁ በኋላ ነው ቴሌብሩን የከፈትኩት።